ለብ ያለ ውሃ በአንኮበር

ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የእንስሳት ሕክምና በር ላይ እግሬ ቆመ። ነጭ ጋዋን የለበሰች አንዲት ወጣት፣ ጋን የሚያህለውን የአሉሚኒየም ዕቃ ክዳን ስታነሳ ነጩ ጭጋግ አፉን ሞልቶ ወጣና በዕቃው ጎን እየተንሸራተተ መሬት ለመሬት ወደ እኔ መጣ። የናይትሮጅን ጭጋግ ሽታ የለውም ይላሉ። ለእኔ ግን አለው፤ የቀዘቀዘ ብረት፣ የገብስ ገለባና የትርንጎ ልጣጭ ይሸተኛል። ልጅቷ በመቆንጠጫ አንዲት ቀጭን ቀሰም መዝዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ካለች የኤሌክትሪክ የውሃ ገንዳ ውስጥ ከተተቻት። ገንዳዋ ሙቀቷን በቀይ ቁጥር ታሳያለች። ልጅቷ ቀና ስትል አየችኝ። «እናቴ፣ ምን ልርዳዎት? ላም አለችዎት?» አለችኝ። «ላም እንኳ የለኝም። ውሃው ለብ ማለቱን እያየሁ ነው» አልኳት። ሳቀች። «አይጨነቁ፣ ራሱ ይቆጣጠራል» አለችኝ። ራሱ ይቆጣጠራል! መድኃኒቱንም ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ደብረ ብርሃን ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ እኔም በዚያች ልጅ ዕድሜ ሳለሁ፣ የዛሬዋን ሩብ አታህልም ነበር። አንድ አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ቤት፣ ከቆርቆሮው በላይ የባሕር ዛፍና የኩበት ጭስ። ዛሬ ፎቆቹ ነፋሱን ከልክለውት ነው መሰለኝ ብርዱ እንኳ እንደ ድሮው አይናከስም። ያኔ ማለዳ የከተማው ፋብሪካ ጥሩምባ ሲነፋ ከብርድ ልብስ ውስጥ መውጣት ራሱ ጀግንነት ነበር። ከሰልባጅ ተራ የገዛሁት፣ አንገቱ ጆሮ የሚደርስ አረንጓዴ ሹራብ ነበረኝ። ማን ለብሶት እንደነበረ እግዜር ይወቅ፤ ክርኑ ላይ ግን እኔው በቀይ ክር ጥፌዋለሁ። ጉርድ ቀሚስ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የሸራ ጫማ፣ ከላይ ደግሞ የእናቴ ጋቢ። ወንዶቹ ካኪ በካኪ ነበሩ፤ ሱሪያቸው ከታች ሰፋ ብሎ መንገድ ይጠርጋል። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይጠጣል፤ ስኳር በቀበሌ ኩፖን በሚታደልበት ዘመን ያ ሻይ ጣፋጭነቱን ከየት እንደሚያመጣው የሚጠይቅ አልነበረም። ከሻይ ቤቱ ጎን ካሴት ቤት ነበር። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የአብዮት መዝሙሩን ሲለቅ ካሴት ቤቱ ዝም ይላል፤ ድምፅ ማጉያው ሲደክመው ካሴት ቤቱ ቀስ ብሎ ዘፈኑን ያስገባል። በየትኛው ሰዓት አንገታችን ትንሽ እንደሚወዛወዝ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የከብት ማራቢያ ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ሥራዬን ለእናቴ አስረድቼ አላውቅም። ሰው ሲጠይቃት «ጽጌማ የወተት ነገር ትሠራለች» ትላለች፤ እኔም አላርማትም። የኮርማ ዘር በቀጭን ቀሰም ታሽጎ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ በረዶ ሆኖ ይመጣልናል፤ የእኔ ድርሻ በየጊዜው አንዳንድ ቀሰም እያቀለጥኩ ውስጡ ያለው ዘር በሕይወት መኖሩን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። እውነቱን ልናገርና ያን ሥራ እወደው ነበር። ጠብታዋን በሞቀ መስታወት ላይ ጥዬ ዓይኔን ሳስጠጋ መጀመሪያ ጉም ይታየኛል፤ ቁልፉን ትንሽ ሳዞረው ጉሙ ይገለጥና ያ ሁሉ ፍጥረት ወደ ፊት ሲዋኝ አየዋለሁ። ሁሉም አይተርፍም። በረዶ ውስጥ ገብቶ ከወጣው ግማሹ ከዋኘ ደስ ይለናል። መጥፎ የሆነ ቀን ግን ዳር ዳሩን አንድ ሁለቱ ብቻ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሌላው ሜዳ ላይ እንደተበተነ ጭድ ነው። እንዲያ ሲሆን አንድ ሰው የሞተብኝ ያህል ልቤ ይከፋል። ይህንንም ለእናቴ አልነገርኳትም።

ግርማን ያወቅኩት በዚያ ላቦራቶሪ ነው። የአንኮበር አዳቃይ ነበር፤ ያለ ኮርማ፣ በዚያ ዘር ላም የሚያስረግዝ። የአንኮበር ከተማ ከሆነችው ከጎረቤላ መኪና ለምኖ፣ መኪና ሲጠፋ በበቅሎ እየመጣ የአሉሚኒየም ጋኑን ናይትሮጅን አስሞልቶ ይመለሳል። ረጅም፣ ቀይ ዳማ፣ የማይለየው ጥቁር በርኖስ የሚደርብ፣ ሲስቅ መጀመሪያ መሬት የሚያይ ሰው ነበር። አገሩ እዚያው ከአንኮበር በታች ካለው ቁልቁለት ነው፤ አነጋገሩ ላይ የአያቶቹ ቃል አይጠፋም። በዘመኑ ወግ እኔን «ጓዲት ላቦራቶሪ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በመጣ ቁጥር ከአልዩ አምባ ገበያ ትርንጎ ይዞ ይመጣል፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ያስቀምጥና ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ደጋ ላይ ትርንጎ ብርቅ ነው። ልጣጩን በጥፍር ቧጨር ስታደርጊው ክፍሉ በሙሉ ቆላ ቆላ ይሸታል። «ሥጦታ ነው ወይስ ግብር?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን። «ለዘሩ ጠባቂ የሚከፈል ግብር ነው» አለኝ፤ ከዚያ መሬት አየ።

በዚያ ዓመት ግን ሳቁ እየጠፋ ሄደ። አንኮበር ላይ ያዳቀላቸው ላሞች ሳያረግዙ እየቀሩ፣ በሦስት ሳምንቱ እንደገና ኮርማ እየፈለጉ ይመለሱ ጀመር። አንድ ሁለት ላም ብታከሽፍ ያለ ነው፤ እዚያ ግን የሚያዘው ጥቂቱ ሆነ። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ካለፈ ገና ብዙም አልቆየ፤ ሰዉ የተረፈችውን ላም እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይበት ጊዜ ነው። ወሬው በረታ። «ያለ ኮርማ የመጣ ጥጃ ምን ይባረካል!» ያሉ አሉ። «መንግሥት ላሞቻችንን ሊያመክን ነው» ያሉም ነበሩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ይባስ ብሎ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በስብሰባ መሐል ግርማን አስነስቶ፣ «ይህ አሻጥር ነው! ጭቁኑ ገበሬ ከመንግሥቱ ጋር እንዲቃቃር የሚሠራ እጅ አለ!» ብሎ ተናገረ። ዛሬ ላይ ሆኖ ይህን የሚያነብ ወጣት አሻጥር የምትለው ቃል ምን ያህል ትከብድ እንደነበር ላይረዳ ይችላል። በዚያች ቃል ሰው ከቤቱ ወጥቶ ቀርቷል። ግርማ ያንን ሲነግረኝ ጋኑን እየሞላ ነበር፤ ጋኑ ሞልቶ ናይትሮጅኑ ጫማው ላይ ፈሰሰ፣ እሱ ግን ዘወር እንኳ አላለም።

«አንቺ እዚህ ስታዪው ሕያው ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«ሕያው ነው። ትናንትም አይቼዋለሁ።»

«እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ይሞታል። የት ላይ ነው የሚሞተው፣ ጽጌ?»

ጥያቄውን ይዘን ወደ ዶክተሩ ገባን። የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ፤ ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን የማያነሱ፣ ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ ሚስታቸው የሠራችላቸውን ሻርፕ የሚጠመጥሙ ሰው። ግርማን ቁጭ አድርገው ከጋኑ እስከ ላሟ ድረስ የሚያደርገውን አንድ በአንድ አስነገሩት። ቀሰሙን ያወጣል። ከምንጭ በተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይከተዋል፤ ቀስ ብሎ እስኪቀልጥ ይጠብቃል። መመሪያው እንደዚያ ይል ነበር። ግርማ እዚህ ላይ ሲደርስ ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «መመሪያው የወጣው ዘሩ በብልቃጥ ይመጣ በነበረበት ጊዜ ነው» አሉ። «ብልቃጥ በድንገት ከሞቀ ይፈነዳል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ ይቀልጥ ተባለ። አሁን የሚመጣው በቀጭን ቀሰም ነው። ጽጌ፣ አንቺ በምንድን ነው የምታቀልጪው?» በሞቀ ውሃ እንደሆነ ነገርኳቸው። ላቦራቶሪው ውስጥ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ ገጠር ላይ እንደዚያ አለመሆኑን ማናችንም አስበነው አናውቅም። ዶክተሩ በእጃቸው እያሳዩ አስረዱን፤ በረዶው ቀስ እያለ ሲቀልጥ መልሶ እየጠጠረ የመርፌ ጫፍ ያወጣል፣ መርፌውም ዘሩን ይወጋዋል፤ ፈጥኖ ከቀለጠ ግን መርፌ ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። «ግን ይህ የእኔ ግምት ነው። ሂዱና እዚያው በቦታው እዩት። ማይክሮስኮፑን ይዘሽ ሂጂ» አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ ነው አንኮበር የሄድኩት። ማይክሮስኮፑን በጋቢ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌው በጣቢያው ላንድሮቨር ተሳፈርን። የጎረቤላ መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር፤ ከመኪናው መስኮት ግራና ቀኝ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ እንደገና ገብስ። አንዳንዴ ጭጋጉ ይመጣና ሁሉንም ይውጠዋል፤ ከዚያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ጅብራው ብቻ እንደ ሰው ቆሞ ብቅ ይላል። ዛሬ ያ መንገድ ተሠርቷል ይላሉ፣ በአጭር ጊዜ ይደረሳል። እኔ ግን አጭር ባይሆን ደስ ይለኛል። ግርማ ከአጠገቤ ተቀምጦ ማይክሮስኮፑ በተንገጫገጨ ቁጥር ክንዱን ከፊቴ ይዘረጋ ነበር፤ መኪናው ቢገለበጥ እንኳ በክንዱ ሊይዘው ያሰበ ይመስል። ሹፌሩ ዘፈን ያንጎራጉር ነበር፤ ዜማው ዛሬም ይመጣብኛል፣ ቃሉ ጠፍቶብኛል።

ያደርነው በጎረቤላ ነው። በማግስቱ ማለዳ አንዲት ሴት ላሟ ኮርማ መፈለጓን ልካ አስነገረች። እትዬ አስካለ ትባላለች። ከጎረቤላ ቁልቁል ወረድ ብሎ፣ ከጥድ ጫካው ሥር፣ አንድ የሣር ቤትና አንዲት ላም ብቻ ነበራት። ባሏ ሞቷል፤ አንድያ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወሬው ከጠፋ ሰነበተ። ላሚቱ ቡሬ ከነጠፈች ቆይታለች፤ ከዚህ በፊት ተዳቅላ ሁለት ጊዜ አልያዘችም። ሌላው ሰው በግርማ ላይ በር በሚዘጋበት በዚያ ጊዜ እሷ ለምን ደግማ እንደጠራችው ጠየቅኳት። «ልጄ ሲመለስ በዚህ ቤት ወተት ይኑር ብዬ ነዋ!» አለችኝ። «ሥጋዬ ከጦር ሜዳ ሲመጣ ባዶ ቅል ልስጠው? ይኸ አዳቃዩ ልጅ ደግሞ ክፉ አይደለም። ክፉ ሰው ላም ሲነካ ላም ታውቃለች።»

ሊቀ መንበሩም ወሬውን ሰምቶ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ አጥሩ ጋ ቆሞ ያየን ጀመር። እኔም ማይክሮስኮፑን በደጃፉ ላይ፣ ከተገለበጠ ሙቀጫ ላይ አቆምኩት። ያ ማይክሮስኮፕ መብራት የለውም፤ ከሥሩ ባለች ትንሽ መስታወት የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ ነው የሚያሳየው። ጭጋጉ ደግሞ አልነሣ አለ። ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ከሰዓት በኋላ መዳቀል አለባት፤ ከዚያ ካለፈ እድሉ ያልፋል። ቁጭ ብለን ሰማይ ሰማይ ማየት ሆነ ሥራችን። ጭጋጉ ከቆላው እየወጣ፣ ጥዱን እየዳበሰ፣ በግቢው መሐል ያልፋል። ቡሬ እየጮኸች ገመዷን ትጎትታለች። ግርማ የበርኖሱን ጫፍ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ሊቀ መንበሩ ከአጥሩ ጋ፣ «ጓድ፣ መሣሪያው ነው የማይሠራው ወይስ ባለመሣሪያዋ?» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እትዬ አስካለ ዞር ብላ፣ «ፀሐይንም ሰብስበህ አወያያት እንግዲህ!» አለችው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳቀም።

ፀሐይ የወጣችው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንደ መመሪያው አደረግን። ግርማ ከጋኑ አንዲት ቀሰም አውጥቶ ከምንጩ ውሃ ውስጥ ከተታት፤ ውሃው እጅ ያደነዝዛል። ቀልጣ ስታበቃ ጠብታዋን መስታወት ላይ ጥዬ አየሁ። የተበተነ ጭድ። ዳር ላይ ጥቂቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከዚያ እነሱም ይቆማሉ። ራሴን ቀና ሳደርግ ግርማ ፊቴን አይቶ ሁሉንም አወቀ። «እዚህ ላይ ነው የሚሞተው» አልኩት።

ቀጥሎ ሞቅ ያለ ውሃ እንፈልጋለን አልናት፣ እትዬ አስካለን። ማንቆርቆሪያ ጣደችና ሲፈላ አመጣችልን፤ ከምንጩ ውሃ ጋር እየቀላቀልን በቴርሞሜትር ስንለካ አየችን። «ምን ያህል ነው የምትፈልጉት?» አለች። ግርማ፣ «የላሟን ገላ የሚያህል» አላት። ክርኗን ውሃው ውስጥ ነከር አድርጋ፣ «ሕፃን የሚታጠብበት ነው በሉኛ!» አለች። ቀሰሟን ከዚያ ለብ ካለው ውሃ ውስጥ ከተን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያዝናት፤ ወዲያው ጠርጌ፣ ቆርጬ፣ ጠብታዋን ጣልኩ። ዓይኔን አስጠጋሁ። ጉሙ ተገለጠ። የአንኮበር ፀሐይ ከሥር እያበራው ያ ሁሉ ፍጥረት ወደ ፊት ይዋኛል። ላቦራቶሪ ውስጥ ስንት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን እንባዬ መስታወቱን አደበዘዘብኝ። «እየው!» ብዬ ግርማን ሳብኩት። ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ ቆየ። ቀና ሳይል፣ «አለ» አለ፣ እንደ ሹክሹክታ። «አለ፣ ጽጌ።»

እትዬ አስካለም ልይ አለች። አንዱን ዓይኗን በእጇ ሸፍና አጎነበሰች። «ይኼ ሁሉ ነፍስ ነው?» አለች። «ገና ነፍስ አይደለም እትዬ፣ ዘር ነው» አልኳት። «እንዲህ የሚራወጥማ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል» አለችኝና አማተበች። ሊቀ መንበሩ ተጠርቶ እሱም አየ። ጠብመንጃው እንዳያስቸግረው ለአንዱ ሰውዬ ሰጥቶ ነው ያጎነበሰው። ሲነሣ ፊቱ ትንሽ ተለውጧል፤ ግን ሰዎቹ እያዩት ነበርና፣ «መልካም ነው። እኔ ግን የማምነው እምቧ ሲል ስሰማ ነው» አለ። ክፋት አልነበረውም ንግግሩ። እሱንም ከበላዩ የሚጠይቀው ሰው ነበረው።

አንድ ነገር ግን ቀርቶን ነበር። በለብታ የቀለጠችውን ሌላ ቀሰም ግርማ በማዳቀያው ዘንግ ላይ አድርጎ ግቢውን አቋርጦ ላሟ ዘንድ አድርሶ መለሰልኝ፤ ለሙከራ። ዘንጉ ብረት ነው፣ ነፋሱም የአንኮበር ነፋስ ነው። ሳየው ከዋኙት ብዙዎቹ ቆመዋል። ሞቆ የቀለጠ ዘር መልሶ ብርድ ከመታው ከመጀመሪያውም ይብስበታል። ተያየን። ከዚያ ግርማ የበርኖሱን አንገት ፈታ፣ ባዶውን ዘንግ ሸሚዙ ውስጥ ከደረቱ ጋር አስገብቶ አቀፈው። «ይሙቅ» አለ። እስኪሞቅ ድረስ እኔ አዲስ ቀሰም አቀለጥኩ። ስትደርስ በጋቢዬ ውስጥ፣ በሁለት መዳፌ መሐል ይዣት ወደ ላሟ ተራመድኩ፤ እሱም ከደረቱ ዘንጉን አውጥቶ እዚያው በጋቢዬ መጋረጃ ሥር ቀሰሟን ዘንጉ ውስጥ አስገባት። ጣቶቻችን ተነካኩ። የእሱ ሞቃት ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ብዙ እጅ ጨብጫለሁ፤ ሰው እጅህ ሞቃት ነው ሲባል ስሰማ የሚመጣብኝ ግን ያ እጅ ነው። ቡሬ ተዳቀለች። እትዬ አስካለ ጀርባዋን እየደባበሰች የማርያምን ስም ትጠራ ነበር።

ዶክተሩ ያየነውን ሰምተው ለየወረዳው አዳቃይ ሁሉ ወሬውን አዳረሱ፤ የሞቀ ውሃ በፔርሙዝ ይዞ የማይሄድ አዳቃይ እንዳይኖር አሉ። አበባ የተሳለባቸው የቻይና ፔርሙዞች ነበሩ። ግርማ ቀዩን አበባ መረጠ። ቡሬ በሦስት ሳምንቷ ኮርማ አልፈለገችም። ሦስት ወር ሲሞላት ግርማ እጁን አስገብቶ ዳሰሳትና በማግስቱ በበቅሎ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ፣ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሞ፣ «ከብዳለች!» ብሎ ጮኸ። ያን ቀን ሻይ ቤቱ ወስዶኝ ሻይ ከፓስቲ ጋር ጋበዘኝ። ካሴት ቤቱ ተከፍቶ ነበር። እግሮቻችን ከጠረጴዛው ሥር በዘፈኑ ልክ መሬት ይመቱ ነበር፣ ሁለታችንም እንዳላወቅን ሆነን። ያንን ክረምት ከኑሮዬ ሁሉ ለይቼ እወደዋለሁ። እሱ በመጣ ቁጥር አስፋልቱን ከላይ እስከ ታች እንራመዳለን፤ ዝናብ ሲመጣ እየፈጠነ የሚያልፍ የጭነት መኪና ጭቃ ይረጨናል፤ እንስቃለን። ልናደርገው ስላሰብነው ነገር በግልጽ አልተነጋገርንም። ጥጃዋ ትወለድና የእሱ ስም ይጥራ፤ ከዚያ ሽማግሌ ይልካል። እንዲህ ነበር ልቤ ያሰበው። የእሱም እንደዚያው እንደነበር ያወቅኩት በኋላ፣ ሊሄድ ሲል ነው።

ጥጃዋ ሳትወለድ ትእዛዝ መጣ። በምዕራብ በኩል ለተከፈቱት የሰፈራ ጣቢያዎች ባለሙያ ይፈለጋል ተብሎ የግርማ ስም ተጠራ። በዚያ ስብሰባ ላይ የተነገረው «አሻጥር» የሚለው ቃል አብሮት ሄዶ ይሁን፣ ወይም ዝም ብሎ ተራው ደርሶ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ዶክተሩ ሊያስቀሩት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። በሳምንቱ መናኸሪያው ፊት ለፊት ከተሰለፉት የጭነት መኪናዎች አንዱ ላይ ሊወጣ ቆመ። በርኖሱን ለብሷል፤ የሚሄድበት አገር ሙቀት ነው፣ ምን ሊያደርገው እንደያዘው አላውቅም።

«አብረሽኝ ብትመጪ» አለኝ።

«እናቴስ?» አልኩት። እናቴ ያኔ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር፤ ከእኔ በቀር ሰው የላትም።

«እውነትሽን ነው። እናቷን ጥላ የምትመጣ ጽጌ፣ እኔ የማውቃት ጽጌ አትሆንም» አለኝ። ምነው ትንሽ እንኳ ቢጨቀጭቀኝ ብዬ ነበር። መኪናው ሲነሣ መሬት መሬቱን አላየም፤ እኔን አየ።

ቡሬ የወለደችው በጥቅምት ነው፤ አደይ ገና አልረገፈም። እትዬ አስካለ ሰው ልካብኝ ብቻዬን ወረድኩ። ጊደር ነበረች፤ ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ፣ እግሯ እንደ ሸምበቆ የረዘመ። ለልጄ ስንቅ ትሁን ብላ «ስንቄ» አለቻት። ሊቀ መንበሩም መጣ፤ እምቧ ስትል ሰማ። ኮፍያውን አውልቆ እንደገና አደረገ። «ለዚያ ልጅ ላኪበት። ልክ ነበር በይው» አለኝ። ላክሁበት። ደጋግሜ ላክሁበት። ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው አዛውረውታል አሉ፤ ከዚያም ያ መንግሥት ወደቀ፣ ጣቢያውም ሰዉም ተበተነ። የእትዬ አስካለ ልጅ በዚያው ሰሞን፣ የወታደር ካፖርት ለብሶ፣ በእግሩ እያነከሰ ከሰሜን መጣ። ስንቄ ያኔ ወልዳ ትታለብ ነበር። እናቱ ቅሉን ሞልታ ስትሰጠው መጀመሪያ ማልቀስ እንጂ መጠጣት አልቻለም ብላ ነገረችኝ።

እኔም በጊዜው አገባሁ። ደግ ሰው ነበር ባለቤቴ፤ ነፍሱን ይማር፣ አንድም ቀን አላስከፋኝም። ስለ ትርንጎው ነግሬው አላውቅም፤ እሱም ገበያ ላይ ትርንጎ ባየሁ ቁጥር ለምን እንደምቆም ጠይቆኝ አያውቅም።

ግርማን ከብዙ ዓመት በኋላ አንዴ አገኘሁት። ለባለቤቴ እህት ልጅ ሠርግ ወደ ኮምቦልቻ ስሄድ ነው፤ አውቶቡሱ ደብረ ሲና ለምሳ ቆመ። ያኔም እንደ ዛሬው የጭነት መኪናው ሰልፍ፣ የቆሎ ሻጮቹ ጩኸት፣ የናፍጣው ሽታ። ከላይ የሚወርደውና ከታች የሚወጣው አውቶቡስ እዚያ ይገናኛሉ። ከወሎ የሚመጣው አውቶቡስ ሥር ረጅም፣ ጠጉሩ የነጣ ሰው ቆሎ ይገዛል። ጀርባውን አይቼ ነው ያወቅኩት። ስሙን ስጠራው ዞረ፤ መሬት አየ፤ ከዚያ ሳቀ። እዚያው ሰፈራ ጣቢያ ከወሎ ከመጣች ሴት ጋር ትዳር መሥርቶ፣ ሰዉ ወደ አገሩ ሲመለስ አብሯት ወሎ ገብቶ ኖሯል። ያን ቀን ሴት ልጁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባ እየሄደ ነበር። ልጅቷን ጠርቶ አስተዋወቀኝ፤ ረጅም ናት፣ እንደሱ። «ጽጌ ናት፤ ከእኔ ጋር ትሠራ የነበረች» አላት። ልጅቷ ሦስቴ ስማኝ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰች። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ግርማ ክንዴን ያዘኝ።

«ላሟ ወለደች?» አለኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ሳያውቅ ነበር የኖረው።

«ወለደች» አልኩት። «በጥቅምት።»

«ወይፈን ነው ጊደር?»

«ጊደር። ጥቁር፣ ግንባሯ ነጭ። ሊቀ መንበሩ እምቧ ስትል ሰምቷል። ልክ ነበር በይው ብሎኛል። ልጅየውም ከጦር ሜዳ ተመለሰ፤ ወተቷን ጠጣ።»

የያዘው ቆሎ ከእጁ መሬት ላይ ፈሰሰ። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ቆመ። ሹፌሩ ደግሞ ነፋ፤ ልጁ በመስኮት «አባዬ!» ብላ ጠራችው። እግሩን መወጣጫው ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው ዞር ብሎ፣ «አንቺስ ደህና ነሽ፣ ጽጌ?» ያለኝ።

እኔን ከላሟ አስከትሎ ጠየቀኝ። አልተቀየምኩትም። ያን ሁሉ ዓመት እኔም፣ ባገኘው መጀመሪያ የምነግረው ብዬ የያዝኩት ያንኑ የላሟን መውለድ ነበር።